ትልቅ ጌም የሚባለው የትኛው ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም ጥያቄዎች ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያ፣ ከሐይቅ፣ ከመርሳና ከከሚሴ የደረሱን ናቸው። አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ስለሆነ አብረን አቅርበናቸዋል። ዓመቶቹና ወሮቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሁለት ፒኤስ ፎር (ፕሌይስቴሽን 4 ማጫወቻ) ያለው የጌም ቤት አለኝ። ልጆቹ በየሳምንቱ ትሬለር (የጌም ማስታወቂያ ቪዲዮ) አይተው ይመጡና “ይሄ እኮ ትልቅ ጌም ነው፣ አስገባልን እንጂ” ይሉኛል። አንዱን ትልቅ፣ ሌላውን ትንሽ የሚያሰኘው ምንድን ነው? የሚወስነውስ ማን ነው? ለእኔ ቤት የሚሆነውንም ብትነግሩኝ።

መልስ፦ የሚወስን አካል የለም። ጌም ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆን የሚመድቡ ድርጅቶች አሉ፤ “ይህ ትልቅ ነው” ብሎ ማኅተም የሚመታ ግን የለም። በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች “ትሪፕል ኤ” የሚሉት አጠራር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በልማድ የጸና ነው። ማንኛውም አሳታሚ ድርጅት ተነሥቶ ለራሱ ጌም ሊሰጠው ይችላል፣ ይሰጣልም።

አንድ ጌም ትልቅ የሚሆነው ገና ገበያ ላይ ሳይውል ነው። ምን ያህል ገንዘብ ተመደበለት፣ ስንት ሰው ለስንት ዓመት ሠራበት፣ ለማስታወቂያ ምን ያህል ወጣ፣ በየትኞቹ ማጫወቻዎችና በስንት ቋንቋ በአንድ ቀን ይለቀቃል፣ ዋጋውስ ስንት ነው? እነዚህ ሁሉ አንድም ሰው ጌሙን ሳይገዛ የሚታወቁ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ልጆቹ ትሬለር አይተው “ትልቅ ነው” ማለታቸው ስሕተት አይደለም፤ ትሬለሩ ራሱ የትልቅነቱ አካል ነው። “ጥሩ ነው” ካሉ ግን ገና አያውቁም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የብሪታንያ የገበያ ውድድር ተቆጣጣሪ፣ ማይክሮሶፍት የጌም አሳታሚውን አክቲቪዥንን ሊገዛ ሲል ምርመራ አድርጎ ነበር። በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ለ2024 እና ለ2025 የታሰቡ ትልልቅ ጌሞች በጀት 200 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ደርሷል፤ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ከ50 እስከ 150 ሚሊዮን ነበር። ሁለተኛው ምልክት ዋጋው ነው። ከ2020 ጀምሮ በአዲሶቹ ማጫወቻዎች ላይ የትልልቅ ጌሞች የመጀመሪያ ቀን ዋጋ ከ60 ወደ 70 ዶላር ከፍ ብሏል። ሦስተኛው ምልክት ሌሎቹ አሳታሚዎች የሚያደርጉት ነው። እውነተኛ ትልቅ ጌም የሚወጣበት ቀን ሲታወቅ ሌሎቹ የራሳቸውን ቀን ያሸሻሉ። ጂቲኤ 6 የሚወጣበት ቀን ተደጋግሞ ሲገፋ ቆይቶ ኖቬምበር 19 ቀን 2026 ተብሎ ሲነገር ብዙ ስቱዲዮዎች የራሳቸውን ካላንደር ያዩት በዚያ ቀን አንጻር ነው።

ትልቅ መሆን ከመሸጥ ጋርም አንድ አይደለም። ሶኒ ኮንኮርድ የተባለውን ጌም ኦገስት 23 ቀን 2024 አወጣ፤ ዓመታት የተለፋበት፣ ታዋቂ አሳታሚ ያለው፣ የትልቅነት ምልክቱን ሁሉ ያሟላ ጌም ነበር። ተጫዋች ስላጣ ሴፕቴምበር 6 ሰርቨሩ ተዘጋ፣ ለገዢዎች ገንዘባቸው ተመለሰ፣ የሠራው ስቱዲዮም በዚያው ዓመት ፈረሰ። በሌላው ጫፍ ስታርዲው ቫሊ አለ። ኤሪክ ባሮን ብቻውን አራት ዓመት ተኩል ገደማ ሠርቶ በ2016 ያወጣው የእርሻ ጌም ነው፤ እስከ 2024 መጨረሻ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ይህን ያህል ተሽጦም ትሪፕል ኤ የሚለው ማንም የለም።

ወደ ቤትዎ ስንመጣ፣ አብዛኞቹ ትልልቅ ጌሞች ለፕሌይስቴሽን ቤት አይመቹም። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ታሪኩ ብቻ ወደ 50 ሰዓት ይወስዳል፣ የሚጫወተውም አንድ ሰው ነው። አንድ ልጅ ግማሽ ሰዓት ከፍሎ ፈረስ ጋልቦ ይሄዳል፣ ነገ ሲመጣ ሌላው ቦታውን አልፎበት ያገኘዋል፣ ጠብ ይሆናል። ጂቲኤ 5ም በአንድ ስክሪን ሁለት ሰው አያጫውትም። ለእርስዎ የሚያዋጣው ሁለት ጆይስቲክ ተይዞ “ተሸናፊ ይውረድ” የሚባልበት ጌም ነው። በኳሱ ጌም በኤፍሲ (የቀድሞው ፊፋ) አንዱን አጋማሽ 6 ደቂቃ ቢያደርጉት ጨዋታው ከነማቆሚያው ሩብ ሰዓት አካባቢ ያልቃል፣ በሰዓት አራት ጨዋታ ማለት ነው። ሞርታል ኮምባት 11 እና ቴከን 7 ከዚህም ያጥራሉ። የዲስኩን ዋጋ ለአንድ ጨዋታ በሚያስከፍሉት ያካፍሉና ስንት ጨዋታ እንደሚመልሰው ይዩ። ልጆቹ ጮኹ ብለው ሳይሆን ይህን አስልተው ይግዙ።

የኳሱ ጌም በየዓመቱ የሚመጣው በመስቀል ሰሞን ነው። ፊፋ 23 ሴፕቴምበር 30፣ ኤፍሲ 24 ሴፕቴምበር 29፣ ኤፍሲ 25 ሴፕቴምበር 27፣ ኤፍሲ 26 ሴፕቴምበር 26 ነው የወጡት። ስሙ የተቀየረው ኤሌክትሮኒክ አርትስና የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ውላቸውን ስላላደሱ ብቻ ነው፤ የሚሠሩት ሰዎች ያው ናቸው። ካለፈው ዓመት ዲስክ ጋር ያለው ልዩነት በአብዛኛው የተጫዋች ዝውውርና የአጨዋወት ማስተካከያ ስለሆነ፣ እንደወጣ ሙሉ ዋጋ ከሚከፍሉ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ይታገሡ፤ በዚያን ጊዜ ውጭ አገር ከፍተኛ ቅናሽ ይደረግበታል። የሌላው የኳስ ጌም፣ የፔስ ወራሽ የሆነው ኢፉትቦል ነፃ ነው፤ ነገር ግን በአብዛኛው በኢንተርኔት የሚሠራ ስለሆነ መስመር ለሚቆራረጥበት ቤት አንመክረውም።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ተማሪ ነኝ። ጌም ሶፍትዌር ነው፤ ሲሚንቶና ብረት አይገዛበትም። 200 ሚሊዮን ዶላር የት ይገባል?

መልስ፦ ደሞዝ ውስጥ። በ2023 ማይክሮሶፍት አሜሪካ ፍርድ ቤት በቀረበበት ክርክር ሶኒ ያስገባው ሰነድ ላይ ምስጢር ሆነው የተሠረዙ ቁጥሮች በደንብ ሳይጠፉ ቀርተው ተነብበዋል። ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት ቱ 220 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ ሥራው 70 ወር ገደማ ፈጅቷል፣ የሠራተኛው ቁጥር ጣሪያ ሲደርስ 200 ነበር። ሆራይዘን ፎርቢደን ዌስት 212 ሚሊዮን ፈጅቷል፣ ከ300 በላይ ሰውም ነበረበት። የመጀመሪያውን እናስላው። 200 ሰው በ70 ወር ቢባዛ 14,000 የሰው-ወር ነው። 220 ሚሊዮኑ ሲካፈል ለአንድ ሰው በወር 15,700 ዶላር ይመጣል። 200 ሰው ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ስላልነበረ ትክክለኛው ከዚህ ይበልጣል። በዚህ ውስጥ ደሞዝ፣ ግብር፣ የጤና መድን፣ ኪራይ፣ ኮምፒውተር፣ ተዋንያንና ለውጭ ስቱዲዮዎች የሚከፈለው ሁሉ አለ።

ይህ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል? የደሴ ፒያሳ ላይ ያለች አንዲት ሱቅ ጌም ውስጥ ትገባለች እንበል። በፒኤስ ቱ ዘመን ለግድግዳው አንድ ጠፍጣፋ ሥዕል ይለጠፍና አለቀ። ዛሬ የሱቋ ቅርጽ ይቀረጻል። ቆርቆሮው፣ ቀለሙና መስታወቱ ብርሃን እንዴት እንደሚመልሱ ለየብቻ ይወሰናል። ከቅርብ፣ ከመካከለኛና ከሩቅ ርቀት የሚታዩ ሦስት አራት ቅጂዎች ይዘጋጃሉ፤ አለዚያ ማጫወቻው ሁሉንም በሙሉ ዝርዝር ለመሳል ሲል ይንተፋተፋል። ተጫዋቹ ግድግዳውን ሰንጥቆ እንዳያልፍ የማይታይ አጥር ይደረጋል። ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያው የሚያሰማው ድምፅና የቀንና የማታ ብርሃኑ ይታከልበታል። ከዚያ በኋላ ሞካሪዎች በየማዕዘኑ እየተጋጩ ስሕተት ይፈልጋሉ። ዲዛይነሩ “ሱቋ ሁለት ሜትር ወደ ግራ ትሂድ” ያለ ዕለት ግማሹ ሥራ ይደገማል። በጀት የሚያብጠው ከሁሉ በላይ በዚህ መደጋገም ነው፤ ምን እንደሚሠራ ሳይወስን 200 ሰው የቀጠረ ስቱዲዮ ሥራ ፈትቶ ለሚጠብቅ ሰው በየወሩ ይከፍላል።

የሰዎቹ ትወናም ቀላል አይደለም። ለሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ወደ 1,200 ተዋንያን ተሳትፈዋል፣ 500,000 መስመር ንግግርና 300,000 የእንቅስቃሴ ቅንጥብ ተዘጋጅቶለታል።

ወጪው የሚመለስበትን መንገድም እንይ። ለምሳሌ ያህል 200 ሚሊዮን ለሥራው፣ 100 ሚሊዮን ለማስታወቂያ እንያዝ። ከ70 ዶላሩ የሽያጭ መድረኩ 30 በመቶ ሲወስድ 49 ዶላር ይቀራል። 300 ሚሊዮን ለ49 ሲካፈል ከ6.1 ሚሊዮን ቅጂ በላይ በሙሉ ዋጋ መሸጥ አለበት፤ ያ እስኪሆን ትርፍ የለም። ቅናሽ ከተጀመረ ደግሞ ቁጥሩ ይጨምራል። አሳታሚዎች አዲስ ሐሳብ የሚፈሩትና ቁጥር 2፣ ቁጥር 3 የሚያበዙት ለዚህ ነው። ባይወደድላቸውም ምክንያቱ ይገባል።

ጥያቄ፦ ከወልድያ። “200 ሚሊዮን ተሸጠ”፣ “10 ሚሊዮን ተጫዋች አገኘ”፣ “በ3 ቀን 1 ቢሊዮን” የሚሉ ዜናዎች እናነባለን። ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚናገሩት?

መልስ፦ አይደለም፣ ድርጅቶቹም የሚያምርላቸውን መርጠው ነው የሚናገሩት።

ጂቲኤ 5 ሴፕቴምበር 17 ቀን 2013 ወጥቶ በ3 ቀን 1 ቢሊዮን ዶላር አስገባ ሲባል ገንዘብ ነው። ያው ጌም ከ200 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል ሲባል ቅጂ ነው፤ ግን በፒኤስ 3 የገዛ ሰው በፒኤስ ፎር፣ ከዚያም በፒኤስ 5 ደግሞ ሊገዛው ስለሚችል የሰው ቁጥር አይደለም። “ተጫዋች” የሚለው ቃል ሲመጣ ደግሞ ይጠንቀቁ። ስታርፊልድ በ2023 በወጣ በሳምንታት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተጫዋች አገኘ ተባለ፤ ጌሙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወር በወር እየተከፈለ ብዙ ጌም በሚያጫውተው የማይክሮሶፍት አገልግሎት ውስጥ ስለነበረ ለአሥር ደቂቃ ከፍቶ የዘጋውም ተቆጥሯል።

የቆየው ዘዴ ለሱቆች የተላከውን እንደተሸጠ መቁጠር ነው። አታሪ በ1982 በኢቲ ፊልም ስም ያወጣው ጌም ለገና እንዲደርስ በአምስት ሳምንት ገደማ ተሠርቶ በሚሊዮን የሚቆጠር ካርትሪጅ ወደ ሱቅ ተላከ። ብዙው ሳይሸጥ ተመለሰ። ድርጅቱም በ1983 የተከማቸ ዕቃውን ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ በምትባል ከተማ የቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ቀበረው፤ በ2014 ተቆፍሮ ወጥቷል። ለዜና አንባቢ የሚሻለው መለኪያ ከወር በኋላ ስንት ሰው በአንድ ጊዜ እየተጫወተ ነው የሚለው ነው። ለኮምፒውተር ጌሞች ይህ ቁጥር ስቲም በተባለው የኢንተርኔት ጌም መደብር ላይ ለማንም ይታያል።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ከተማ ነኝ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ አዲስ ዲስክ ልኮልኝ ስከፍተው “ዳውንሎድ” ብሎ ከ40 ጊጋ በላይ ጠየቀኝ። ዲስኩ ውስጥ ምን ነበረ ታዲያ? ደግሞ ሲጭን መብራት ሄዶ ማጫወቻው አልከፍት አለኝ።

መልስ፦ ዲስክ የሚታተመው ጌሙ ከመውጣቱ ሳምንታት ቀድሞ ነው፤ ታትሞ፣ ታሽጎ፣ በመርከብ ሄዶ ሱቅ መድረስ አለበት። ስቱዲዮው ግን በእነዚያ ሳምንታት ስሕተት ማረሙን አያቆምም። እርማቱ በመጀመሪያው ቀን በኢንተርኔት ይመጣል። ሁለተኛው ምክንያት ቦታ ነው። የፒኤስ ፎር ዲስክ የሚይዘው እስከ 50 ጊጋባይት ነው፤ ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 በሁለት ዲስክ የመጣውም ለዚህ ነው። ለሁለተኛ ዲስክ ላለመክፈል ቀሪውን በዳውንሎድ የሚሰጡ አሳታሚዎችም አሉ።

ከመጀመርዎ በፊት መስመርዎን ያስሉ። ፓኬጅ ላይ የሚጻፈው ፍጥነት በሜጋቢት ነው፣ የጌሙ መጠን በባይት ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 100 ጊጋባይት ጌም 800,000 ሜጋቢት ይሆናል። በሴኮንድ 4 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር 55 ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ በ10 ሜጋቢት 22 ሰዓት። የሞባይል ዳታ ከሆነ መጀመሪያ ያለዎትን ጊጋ ይዩ። ኮል ኦፍ ዲዩቲ ሞደርን ዋርፌር በ2019 ሲወጣ በኮምፒውተር 175 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይጠይቅ ነበር።

ፒኤስ ፎር ላይ ብዙ ሰው የሚያስቸግር ሌላ ነገር አለ። አፕዴቱ 5 ጊጋ ሆኖ ሳለ “ቦታ የለም” ይላል። ማጫወቻው ሲያድስ ጌሙን በጎን ገልብጦ ስለሚያዘጋጅ የጌሙን ያህል ሌላ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ 80 ጊጋ ለሆነ ጌም ሌላ 80 ጊጋ። 500 ጊጋ ያለው ፒኤስ ፎር ለተጠቃሚው የሚተርፈው 400 አካባቢ ስለሆነ ሦስት አራት ትልልቅ ጌም ከያዘ ሞልቷል ማለት ነው።

መብራት ሄዶ ለተበላሸው ደግሞ እንዲህ ያድርጉ። ማጫወቻውን ሙሉ በሙሉ ያጥፉት። ከዚያ የመክፈቻውን ቁልፍ ተጭነው ይያዙ፤ አንድ ጊዜ ጢ ይላል፣ አይልቀቁ፤ ከ7 ሴኮንድ ገደማ በኋላ ሁለተኛው ሲሰማ ይልቀቁ። ጆይስቲኩን በዩኤስቢ ገመድ ያገናኙ፣ ያለገመድ እዚህ ላይ አይሠራም። ከሚመጡት ምርጫዎች 5ኛው የመረጃ ዝርዝሩን እንደገና የሚገነባው ነው፤ ጌሞችዎን አያጠፋም። 6ኛውና 7ኛው ሁሉንም ስለሚያጠፉ አይንኳቸው። ሲጨርስ ተጎድቶ የተጫነውን ጌም ብቻ ያጥፉና ከዲስኩ ድጋሚ ይጫኑ።

ለወደፊቱ አዲስ ጌም በወጣበት ቀን አያስገዙ። ሳይበርፐንክ 2077 በ2012 ተነግሮለት፣ ቀኑ ሦስት ጊዜ ተገፍቶ፣ ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ሲወጣ በፒኤስ ፎር የማይጫወቱት ነበር። በሳምንቱ ሶኒ ከመደብሩ አወረደው፣ የተመለሰው በጁን 2021 ነው። ምልክቱ አስቀድሞ ነበረ፤ ለጋዜጠኞች የተሰጣቸው የኮምፒውተሩ ቅጂ ብቻ ነበር። ትሬለር የሚቀረጸው ውድ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ፣ ያለዎት ተራው ፒኤስ ፎር ከሆነ በተራው ፒኤስ ፎር ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ እስኪወጣ ይጠብቁ። የሳይበርፐንክ ትልቁ ማሻሻያ 2.0 በ2023 ሲመጣም ፒኤስ ፎር አልደረሰውም።

አካውንትን በተመለከተ፦ ኢትዮጵያ በፕሌይስቴሽን ኔትወርክ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች ሰው ሁሉ በሌላ አገር ስም ነው የሚከፍተው። የፒኤስ ፎር ዲስክ በየትኛውም አገር ማጫወቻ ይሠራል፤ ተጨማሪ ክፍሎችና የገንዘብ ካርዶች ግን አካውንቱ የተከፈተበት አገር መሆን አለባቸው። የአሜሪካ አካውንት ላይ የእንግሊዝ ካርድ አይገባም፣ ሻጩም ገንዘብዎን አይመልስም።

ጥያቄ፦ ከመርሳ። ማጫወቻ የለንም፣ በስልክ ነው። ፍሪ ፋየርና ፐብጂ ትልቅ ጌም አይባሉም?

መልስ፦ በተጫዋች ብዛት ብዙዎቹን ይበልጣሉ። በበጀት ግን መንገዳቸው ሌላ ነው፦ በትንሹ ይጀመራል፣ ሰው ከመጣ በየወሩ ይጨመርበታል፤ ገቢውም ከልብስና ከመሣሪያ ቀለም ሽያጭ ነው። ልዩ የሚሆነው በ2020 የወጣው ጌንሺን ኢምፓክት ነው። 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈስሶበት በነፃ ተለቀቀ፣ በስልክም ይሠራል። እሱን ትልቅ ጌም አይደለም የሚል አንሰማም። የስልክዎ ራም 3 ጊጋ ከሆነ ግን አያውርዱት።

ጥያቄ፦ ከከሚሴ፣ የልጆች እናት ነኝ። የ11 ዓመት ልጄ “ሁሉም የሚጫወተው ትልቅ ጌም ነው” እያለ ጂቲኤ ካልገዛሽልኝ ይለኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ እህታችን፣ አይግዙለት። የካርቶኑን ፊት ይዩ፤ የአውሮፓው ምደባ 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል ቁጥር በአራት ማዕዘን ውስጥ ያስቀምጣል። ጂቲኤ 5 ላይ ያለው 18 ነው። በአሜሪካው ምደባም ከ17 ዓመት በታች ላለ አይሆንም ተብሏል፤ ግድያ፣ ስድብ፣ አደንዛዥ ዕፅና ወሲብ አለበት። ትልቅ ጌም ማለት ለልጅ የሚሆን ማለት አይደለም፤ ብዙ ገንዘብ ከሚፈስባቸው ውስጥ ብዙዎቹ ለአዋቂ የተሠሩ ናቸው። የኳሱ ጌም 3 የሚል ምደባ አለው። በእሱም ላይ ቢሆን በውስጡ ካርድ የሚያስገዛ ክፍል ስላለ የባንክ ካርድዎን ቁጥር ማጫወቻው ላይ አያስቀምጡ። ፒኤስ ፎር ላይ በቤተሰብ ቁጥጥር ክፍል ለልጁ የራሱን ተጠቃሚ ከፍተው የዕድሜ ገደብ ማድረግና በቁጥር መቆለፍ ይቻላል። ፕሌይስቴሽን ቤት የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱን ማነጋገር ነው፤ የሰፈር ሰው እምቢ አይልም።

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ አምስት ሆነን ጌም መሥራት ጀምረናል። ከትልልቆቹ እኩል የሚታይ ነገር በጥቂት ሰው ይቻላል?

መልስ፦ ጥራቱ ይቻላል፣ ስፋቱ አይቻልም። ሁለቱን የሚያምታታ ቡድን ሦስተኛው ዓመት ላይ ይበተናል። ሄልብሌድ የተባለው ጌም በ2017 በ20 ሰው ገደማ ተሠርቶ የትልልቆቹን መልክ ይዞ ወጣ። ያወቁበት ነገር ማሳጠሩ ላይ ነበር፦ አንዲት ዋና ገጸ ባሕርይ፣ አጭር ታሪክ፣ ዋጋው 30 ዶላር። በሦስት ወር ግማሽ ሚሊዮን ቅጂ ሸጦ ወጪውን መለሰ። በ2025 የወጣው የፈረንሳዩ ኤክስፔዲሽን 33 “በ30 ሰው የተሠራ” ተብሎ ሲወራ ሰምታችሁ ይሆናል። ዋናው ቡድን እውነትም ያን ያህል ነበር፤ ነገር ግን ከኮሪያ የእንቅስቃሴ ባለሙያዎች፣ ሞካሪዎች፣ ሙዚቀኞችና አሳታሚ ከጎኑ ነበሩ። 30ውን ብቻ አይታችሁ ዕቅድ አታውጡ።

መጀመሪያ አሥር ደቂቃ የሚጫወት፣ ምስሉም ድምፁም ያለቀለት ናሙና ሥሩ። ስንት ወር እንደፈጀ መዝግቡ። 3 ወር ከፈጀ የ3 ሰዓት ጌም 18 እጥፍ ነው፤ 54 ወር፣ አራት ዓመት ተኩል። ያን ያህል ጊዜ ከሌላችሁ አሁኑኑ ቁረጡት፤ ከተማውን ወደ አንድ ሰፈር፣ አሥሩን ገጸ ባሕርይ ወደ ሁለት።

ጌም መሥሪያ ሶፍትዌሩን በላፕቶፓችሁ አቅም ምረጡ። ጎዶት ነፃ ነው፣ የሚወርደውም ከ200 ሜጋባይት በታች ስለሆነ ደካማ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። አንሪል ገቢያችሁ 1 ሚሊዮን ዶላር እስኪያልፍ አያስከፍልም፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 5 በመቶ ይወስዳል፤ ግን 32 ጊጋ ራምና ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ዩኒቲ ዓመታዊ ገቢው ከ200,000 ዶላር በታች ለሆነ ነፃ ነው። ለቅርጽ ሥራ ብሌንደር ይበቃል፣ ነፃ ነው። ሥራውን በየቀኑ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን፤ መብራት ሲሄድ ፋይል ሲጻፍ ከነበረ ፋይሉ ይበላሻል፣ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ የምታቆይ ባትሪ) ከዚህ ታድናለች።

ስቲም ላይ ለመሸጥ ለአንድ ጌም 100 ዶላር ይከፈላል፤ ሽያጩ 1,000 ዶላር ሲደርስ ይመለሳል። ከፍላችሁ 30 ቀን ሳይሞላ መልቀቅ አይቻልም፣ “በቅርቡ” የሚለው ገጽም ቢያንስ ሁለት ሳምንት መታየት አለበት። ሁለት ሳምንት ግን አይበቃም፤ ገጹን ስድስት ወር ቀድማችሁ ክፈቱና ሰዎች ጌሙን ምኞት ዝርዝራቸው ውስጥ እንዲያስገቡት አድርጉ፤ የመጀመሪያው ቀን ሽያጭ ከዚያ ነው የሚመጣው። 100 ዶላሩን ከመክፈላችሁ በፊት ባንካችሁ ከውጭ የሚመጣ ክፍያ በምን መልክ እንደሚቀበል ጠይቁ።

ትልልቆቹ በገንዘብ የሚገዙትን እናንተ በእጃችሁ ይዛችሁታል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ያሉበት አገር ለጌም ሙዚቃ አይቸገርም። ቅኝቱ የማንም ንብረት አይደለም፣ የአንድ ዘፋኝ ቅጂ ግን የባለቤቱ ነው። ከካሴት ወይም ከዩቲዩብ ቆርጣችሁ ብታስገቡ ባለመብቱ አንድ ቀን አቤት ሲል ጌሙ ከመደብር ይወርዳል። ማሲንቆና ክራር የሚጫወት ሰው ፈልጉ፣ ጸጥ ባለ ክፍል ራሳችሁ ቅዱት፣ ከመቅዳታችሁም በፊት ሙዚቃው በጌሙ፣ በትሬለሩና በኋላ በሚወጡ ቅጂዎች ሁሉ እንደሚገባ የሚል ውል በጽሑፍ ተፈራረሙ።